የእጅ ፍጥነት

«ኮምፒዩተሩ እጅሽ ሰነፍ ነው አለኝ።»

ፍሬወይኒን ከእንቅልፏ የቀሰቀሳት ይህ የታላቅ እህቷ የለተመድህን ድምፅ ነበር። ከመጋረጃው ባሻገር፣ ግቢው ውስጥ ካለው የውሃ በርሜል አጠገብ ቆማ ለጎረቤታቸው ለሙስሊማ ነው የምታወራው። ሙስሊማ ከወሎ መጥታ ከእነሱ ቀጥሎ ያለችውን ክፍል የተከራየች፣ ከለተመድህን ጋር በአንድ ፋብሪካ፣ በአንድ መስመር ላይ የሸሚዝ እጅጌ የምትሰፋ ሴት ናት። «እኔንም እንደዚያው ነው ያለኝ። ወላሂ፣ ኮምፒዩተር ሰው ሲሳደብ ገና አሁን ሰማሁ» ብላ ሳቀች። ለተመድህን ግን አልሳቀችም። ሙስሊማ ወደ ገበያ ወሬ ዞረች፤ ቲማቲም ኪሎው ሰማንያ ብር መግባቱን፣ አከራያቸው አቶ ገብረዝጊ ከመጪው ወር ጀምሮ በየክፍሉ ኪራይ ሊጨምሩ ማሰባቸውን፣ የቦቴ ውሃም እንደ ዘይት መወደዱን አነሳች። ለተመድህን ለሁሉም «እህ» ብቻ ትላለች። ፍሬወይኒ ተነስታ መጋረጃውን ገለጥ ስታደርግ እህቷ የቀኝ እጇን አንጓ በሳሙናና በቃጫ እየፈተገች ነበር። አንጓዋ ላይ ሳንቲም የምታህል ቢጫ ተለጣፊ ወረቀት አለች፤ ጫፏ ተልጧል፣ ሙጫዋ ግን አልለቅም ብሏል።

ፍሬወይኒ መጋረጃውን ቀስ ብላ መለሰችው። ያቺን ተለጣፊ ታውቃታለች፤ ቢሮዋ መደርደሪያ ላይ በጥቅል በጥቅል ተደርድራለች። በፋብሪካው የስፌት መስመር ላይ፣ ከየስፌት መኪናው አናት፣ ቁልቁል የሚያዩ ካሜራዎች ተሰቅለዋል። የሚታያቸው ጠረጴዛው፣ ጨርቁና ሁለት እጅ ብቻ ነው፤ ፊት አይታይም። ከዚያ ኮምፒዩተሩ ላይ ያለው ሶፍትዌር ቢጫዋን ነጥብ ከምስል ወደ ምስል እየተከተለ እጁ የት ደርሶ እንደተመለሰ፣ ምን ያህል እንደፈጠነና የት ላይ እንደዘገየ በመስመር ይስላል። ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ የተለጠፈው ማስመሪያ ርቀቱን፣ የካሜራው ፍጥነት ደግሞ ጊዜውን ይነግረዋል። ነጥቧ በጨርቅ ስትሸፈን ሶፍትዌሩን ታመልጠዋለች፤ ያን ጊዜ ፈልጎ መልሶ ማስያዝ፣ በመጨረሻም ውጤቱን ከፋብሪካው መለኪያ ጋር አስተያይቶ በታች የወደቀውን የመኪና ቁጥር ለአለቃ መላክ የፍሬወይኒ ሥራ ነው። ስም አይመጣላትም፣ ስም አትልክም። ለተመድህን ከመተኮሻ ክፍል ወደ ስፌት ከተዛወረች ሁለት ወር ቢሆናት ነው፤ በየትኛው መኪና ላይ እንደተቀመጠች ፍሬወይኒ ጠይቃት አታውቅም። ለተመድህንም ስለ ታናሽ እህቷ ሥራ የምታውቀው «ቢሮ ናት፤ ኮምፒዩተር ላይ» የሚለውን ብቻ ነው። ይህንንም ለሰው ስትናገር አንገቷን ቀና አድርጋ ነበር። እናታቸው ከሞተች በኋላ ፍሬወይኒን አሳድጋ፣ ዩኒቨርሲቲ፣ እንዳ ኢየሱስ ግቢ፣ አስገብታ በምህንድስና ያስመረቀቻት እሷ ናትና።

ሻይና ዳቦ ቀረበ። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ሁለቱ አልጋዎች በመጋረጃው ግራና ቀኝ፣ መሃል ላይ በአበባ ፕላስቲክ የተሸፈነች ትንሽ ጠረጴዛ። ለተመድህን ዳቦውን ቆርሳ እንደ ልማዷ ትልቁን ለእህቷ ገፋችላት። ቀኝ እጇን ግን ጭኗ ላይ አድርጋ በግራዋ ነበር የምትበላው።

«ለተይ፣ ደሓን ዲኺ?» ብላ ፍሬወይኒ ደህንነቷን ጠየቀቻት።

«ደሓን። ዛሬ ከሰዓት የሚቀነሱትን ይጠራሉ። ሱፐርቫይዘሯ ስምሽ አለበት ብላኛለች።»

ፍሬወይኒ መናገር ነበረባት። እናታቸው የኮምቦልቻ ሰው ስለነበረች ቤት ውስጥ አማርኛውም ትግርኛውም እኩል ይነገራል። እሷ ግን ሻዩን ትኩሱን ጠጣችው፤ ምላሷን አቃጠላት። ለተመድህን ብርጭቆዎቹን አንስታ ወጣች።

ከሰሜን ክፍለ ከተማ ወደ ውቅሮ በሚወስደው መንገድ ላይ ወዳለው ፋብሪካ የሚያደርሳቸው ሰርቪስ እንደ ወትሮው ሞልቶ መጣ። የቢሮ ሰዎች ፊት፣ ሰፊዎቹ ኋላ ነው የሚቀመጡት። ማንም ያወጣው ሕግ አይደለም፣ ማንም ግን አያፈርሰውም። ፍሬወይኒ ከሹፌሩ ጀርባ ተቀምጣ ከኋላ የሚመጣውን ወሬ ስትሰማ ሄደች፤ አንዷ ከተቀነሰች ወደ ሳዑዲ እንደምትሄድ ትናገራለች፣ ሌላዋ የልጇን የትምህርት ቤት ክፍያ ትረግማለች። የእህቷ ድምፅ ግን ከመካከላቸው የለም።

ቢሮ እንደገባች ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ወደ ስፌት አዳራሹ ወረደች። መግቢያው ላይ ከተለጠፈው የምደባ ሰሌዳ የእህቷን የመኪና ቁጥር አይታ ተመለሰችና ቪዲዮውን ከፈተችው። ቁጥሩን ታውቀዋለች። ትናንት ከላከቻቸው አንዱ ነው። ግራ አውራ ጣት ላይ የቆየ የመርፌ ጠባሳ አለ፤ የቀለበት ጣቱ ጥፍር ተሰንጥቋል። ይህ እጅ ጸጉሯን ሲሠራት፣ ትኩሳት ሲይዛት ግንባሯን ሲዳስሳት ያደገች ልጅ ሁለት ወር ሙሉ ስታየው ከርማ አላወቀችውም። ዓይኗ ከቢጫዋ ነጥብ ወጥቶ አያውቅማ! ምናልባት ነጥቧ ስታመልጥ በስህተት ሌላ ቦታ አስይዣት ይሆናል ብላ ሁሉንም ከመጀመሪያው ለካችው። እጁ ጨርቁን ያነሳል፣ ያስተካክላል፣ ወደ መርፌው ይገፋል፣ ይመለሳል። ማስመሪያውን አረጋገጠች፣ የካሜራውን ፍጥነት አረጋገጠች። ውጤቱ ያው ነው። እህቷ ከመለኪያው በታች ናት፤ ሙስሊማም በታች ናት፤ ከመስመሩ ግማሹ በታች ነው። ይኼን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ መለኪያው ራሱ ከየት መጣ ብላ የጠየቀችው። እሷ ስትቀጠር ግድግዳ ላይ ተጽፎ ነበር ያገኘችው፤ እንደ ቀን መቁጠሪያ አይታው ነው የተቀመጠችው።

የመለኪያውን ቪዲዮ ፈልጋ አገኘችው። ካሜራዎቹ ከመሰቀላቸው በፊት በአሮጌ የእጅ ካሜራ ከጎን የተቀረጸ ነው። ያኔ የመስመሩ አንደኛ የነበረችው ሩፋይዳ እጅጌ ስትሰፋ ያሳያል፤ ከጀርባዋ ግድግዳው፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ ክብ ሰዓት ይታያል። የሰከንድ ቆጣሪዋ ቀይ ናት። ፍሬወይኒ የሩፋይዳን እጅ ትታ የቀይዋን ቆጣሪ ጫፍ ምልክት አድርጋ ለሶፍትዌሩ ሰጠችው። ቆጣሪዋ አንድ ጊዜ ሙሉ ዞረች። ሶፍትዌሩ ሃምሳ ሰከንድ አለ። ደገመችው፤ ሃምሳ። እዚህ ፋብሪካ ውስጥ አንድ ደቂቃ ሃምሳ ሰከንድ ነው ማለት ነው። የቅንብሩን ገጽ ስትከፍት ነገሩ ቁልጭ አለ፤ አሮጌው ካሜራ በየሰከንዱ ሃያ አምስት ምስል ያነሳል፣ ሶፍትዌሩ ላይ የሞላው ሰው ግን ሠላሳ ብሎ ነው የሞላው። ስለዚህ ሩፋይዳ ከሠራችው ፈጥና የሠራች ሆና ተመዘገበች፤ ሌሎቹ ሴቶች ሁሉ በአዲሶቹ ካሜራዎች በትክክል እየተለኩ በእውነት ኖራ ከማታውቅ ፈጣን ሩፋይዳ ጋር ሲወዳደሩ ከረሙ። ደሟ ፈላ። በዚህ ቁጥር ስንቷ እንደተሰደበች፣ ስንቷ ሽንት ቤት ሳትሄድ እንደዋለች፣ ስንቷ ዕቃዋን በፌስታል ይዛ በዚያ በር እንደወጣች አሰበች። ላፕቶፑን ብብቷ ውስጥ አድርጋ ደረጃውን ወጣች።

የምርት ክፍል ኃላፊው ደመላሽ ቢሮ ከላይ ሆኖ አዳራሹን በመስታወት ያያል። ከታች መቶ መኪና ይጮሃል፤ እዚህ የሚሰማው የትንሿ ፍሪጅ ድምፅ ብቻ ነው። ፍሬወይኒ ሰዓቱን አሳየችው። ቪዲዮው እስኪያልቅ አየ፤ አልደነገጠም።

«ያ ካሜራ አሮጌ ነው ብዬ ነበር በጊዜው» አለ። «ግን ቁጥሩ ለገዢዎቹ ተልኳል። ውሉ በዚያ ነው የተፈረመው።»

«ኢንጂነር፣ ሰው እየተባረረበት ነው!»

«ሰው የሚባረረው ትእዛዝ ስለቀነሰ ነው። ቁጥሩ ማን ይውጣ የሚለውን ነው የሚመልስልን።»

«ቁጥሩ ውሸት ነው እያልኩዎት ነው።»

«ለሁሉም እኩል ውሸት ነው። እኩል ከሆነ ምኑ ላይ ነው በደሉ?» ወንበሩን ወደ መስታወቱ አዞረ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ውለታ እንደሚውል ሰው፣ «ለተመድህን የምትባለው እህትሽ ናት አይደል? የአባታችሁን ስም አይቻለሁ። ወደ ማሸጊያ አዛውራታለሁ፤ ስሟ አይጠራም። አንቺም ያንን ፋይል ዝጊውና ሥራሽን ሥሪ» አላት።

ፍሬወይኒ እሺም እምቢም ሳትል ወጣች። ደረጃውን ወረደች። በደመላሽ ተናዳለች፣ በአሮጌው ካሜራ ተናዳለች፣ በዚያ «እኩል» በሚለው ቃል ተናዳለች። ከሁሉ ይበልጥ ያናደዳት ግን የእህቷ ስም አይጠራም ሲባል ደረቷ ቀለል ማለቱ ነበር። ምሳ ሰዓት ደረሰ፤ አልበላችም። ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጣ የቢጫውን ተለጣፊ ጥቅል በጣቷ ስታዞር ቆየች።

ከሰዓት የስፌት መስመሩ ሴቶች መመገቢያ አዳራሽ ውስጥ ተሰበሰቡ። የአደጋ መከላከያ ትምህርት የሚታይበት ፕሮጀክተር ጣሪያው ላይ ተሰቅሏል፤ ግድግዳው ነጭ ነው፤ አዳራሹ የጎመንና የማሽን ዘይት ይሸታል። የቢሮ ሰዎች እንዲገኙ ታዘው ስለነበር ፍሬወይኒ ላፕቶፗን ይዛ ጥግ ላይ ቆመች። ደመላሽ ከስልኩ ላይ እያየ አሥራ አንድ ስም አነበበ። የሙስሊማ ስም ተጠራ፤ የሻሿን ጫፍ አፏ ላይ አደረገች። የሩፋይዳ ስም ተጠራ። ንባቡ አለቀ።

ለተመድህን ከመቀመጫዋ ተነሳች። «የእኔስ?»

«አንቺ ወደ ማሸጊያ ተዛውረሻል። ቁጭ በይ።»

«ለምን? ከሙስሊማ በታች ነሽ ተብያለሁ እኮ። እሷ ስትወጣ እኔ እንዴት እቀራለሁ?»

ደመላሽ ስልኩን ኪሱ ከተተ። «እህትሽን ጠይቂያት» አለ ተሰላችቶ። «የለካችሁም እሷ፣ ያማለደችሽም እሷ!»

አዳራሹ ሙሉ አንገቱን ወደ ጥግ አዞረ። ለተመድህን ግን ወዲያው አልዞረችም። መጀመሪያ አንጓዋን አየች፣ ቀጥሎ ሙስሊማን፣ ከዚያ በኋላ ነው ቀስ ብላ ወደ እህቷ የዞረችው። ፍሬወይኒ አላማለድኩም ልትል አፏን ስትከፍት ሩፋይዳ ቀደመቻት። ሩፋይዳ ቀጭን፣ ዝግ ባለ ድምፅ የምትናገር ሴት ናት፤ ስትጮህ የሰማት የለም። አሁን ግን ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው።

«እኔን በማን ለክታችሁ ነው የምታባርሩኝ? መለኪያው በእኔ አይደል የተሠራው? አንደኛ ነሽ ብላችሁ ጃንጥላ አልሸለማችሁኝም?»

«ያኔ ፈጣን ነበርሽ» አላት ደመላሽ። «አሁን ሰንፈሻል።»

«አልሰነፍኩም!» አለች ሩፋይዳ፤ ድምፅዋ ግን ተሰበረ። «ሰነፍኩ ብዬ ክሊኒክ ሄጃለሁ። ነርቭ ይሆናል ብዬ እጄን ታይቻለሁ። ምንም የለብሽም አሉኝ። ሌሊት ሌሊት በሕልሜ ሁሉ እሰፋለሁ፤ ራሴ ላይ ግን መድረስ አቃተኝ።»

ፍሬወይኒ ከጥግ ወጥታ ወደ ፊት ሄደች። የፕሮጀክተሩን ገመድ ላፕቶፗ ላይ ሰካችው። ደመላሽ «ምን እያደረግሽ ነው? አጥፊው!» ብሎ ሲራመድ ሙስሊማ ከወንበሯ ተነስታ በመካከል ቆመች፤ ሁለት ሴቶች ከጎኗ ቆሙ። አልነኩትም፤ መንገዱን ብቻ ዘጉት። ነጩ ግድግዳ ላይ የሩፋይዳ እጅ መጣ። ጥራጥሬ እንደሚለቅም ዶሮ ጨርቁ ላይ ይወርዳል፣ ይነሳል። አንዷ ሳቀች። «ይቺ ሩፋይዳ ናት ወይስ ጅን?»

«እጇን አትዩ» አለች ፍሬወይኒ። ድምፅዋ እንዲህ ይወጣል ብላ አላሰበችም። «ከጀርባዋ ያለውን ሰዓት እዩ። ቢሮው የቆጠረው በዚህ ፍጥነት ነው። ከዚያ ደግሞ ያንን የእኛን ሰዓት እዩ።» መመገቢያ አዳራሹ በር ላይ የተሰቀለውን ሰዓት በጣቷ አሳየች።

ሴቶቹ ግድግዳውን አዩ፣ በሩን አዩ። መጀመሪያ የገባት ሙስሊማ ናት። «ሰዓቱ ይሮጣል!» አለች። «ያ ረቢ፣ ሰዓቱ እኮ ነው የሚሮጠው!» ሩፋይዳ ወደ ግድግዳው ተጠጋች። የራሷ እጅ ምስል ጀርባዋ ላይ፣ ሻሿ ላይ እየወረደ እየተነሳ ቆማ ሁለቱን መዳፎቿን ገልብጣ አየቻቸው። አላለቀሰችም፤ «ለካ ለዚህ ነበር የምትጠሉኝ» አለች ለጓደኞቿ፤ «በእኔ ነበር የምትሰደቡት።» ከዚያ ተቀመጠች። ሌሎቹም ተቀመጡ። ሱፐርቫይዘሯ ወደ መኪናችሁ ብላ ስታጨበጭብ አንዲት እንኳ አልተነሳችም። ከወዲያ የሚሰማው የመኪናዎች ጩኸት አንድ በአንድ እየጠፋ ሄደ፤ የኮሌታ መስመሩ ሴቶችም ወሬውን ሰምተው በበሩ መግባት ጀመሩ። ደመላሽ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ወጣ።

ዋና ሥራ አስኪያጁ ሲመጣ አዳራሹ ውስጥ የጠበቀው ጩኸት አልነበረም፤ ዝም ብለው የሚያዩት ሁለት መቶ ያህል ሴቶች ነበሩ። የዛሬው ስም ዝርዝር ለጊዜው ቆሟል፣ ልኬቱ እንደገና ይሠራል፣ ሁሉም ወደ ሥራው ይመለስ አለ። ቀደም ብለው የወጡትስ ብላ አንዷ ጠየቀች፤ ይታያል አለ። ለፍሬወይኒ የተናገረው ግን ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ ነበር፤ የድርጅቱን ምስል ያለ ፈቃድ ለሕዝብ ያሳየ ሰው ነገ መምጣት አያስፈልገውም። የበሩ ጥበቃ ላፕቶፑንና ባጇን ተቀበላት። ልጅ እግር ነገር ነው፤ ዓይኗን ላለማየት ባጁን ሲያገላብጥ ቆየ።

ያለ ባጅ ሰርቪስ ላይ መውጣት ስለማትችል በእግሯ ወደ አስፋልቱ ወጣች። ሰርቪሱ አቧራውን እያስነሳ አለፋት። ከኋላ መስኮት ሙስሊማ እጇን አውጥታ አውለበለበች፤ ከጎኗ የተቀመጠችው ለተመድህን ፊት ለፊት እያየች አለፈች። ፍሬወይኒ ባጃጅ ያዘች። ሹፌሩ የቤንዚንን ዋጋ እያማረረ ከወትሮው እጥፍ ጠየቃት፤ ሳትከራከር ሰጠችው፤ ከዚያ ለምን አልተከራከርኩም ብላ እስከ ቤት ድረስ ስትናደድ ሄደች። ሥራዋን ሰጥታለች። ለእነሱ ብላ ሰጥታለች። ቢያንስ ሰው ዞር ብሎ ሊያያት ይገባ ነበር።

ቤት ስትደርስ ለተመድህን ቡታጋዙን አቀጣጥላ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቀና አላለችም።

«ሥራዬን አጣሁ» አለች ፍሬወይኒ በሩ ላይ ቆማ።

«ሰምቻለሁ።»

«ስለ እናንተ ብዬ ነው!»

ቢላዋው ቆመ። «ሁለት ወር እጄን ስታይው ነበር» አለች ለተመድህን።

«የአንቺ መሆኑን አላውቅም ነበር። ቁጥር ብቻ ነው የሚመጣልኝ። ማማለዱንም እሱ ነው የፈጠረው፤ እኔ አልለመንኩትም።»

«እምቢ ብለሽዋል?»

ፍሬወይኒ ጫማዋን ለማውለቅ ጎንበስ አለች።

«እሺ» አለች ለተመድህን። ሽንኩርቱን ድስቱ ውስጥ ጨመረች፤ ቸስ ብሎ ጮኸ። ጀርባዋን እንደሰጠች ነበር የምትናገረው። «ሙስሊማ ሰርቪስ ውስጥ ስታመሰግንሽ መጣች። ሴቶቹ ሁሉ መረቁሽ። ቆንጆ ነገር ነው የሠራሽው፤ አልክድም። አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ፣ ሓፍተይ፣ እህቴ።» ዞረች። ፊቷ ቀልቷል፤ ሽንኩርቱ ይሁን ሌላ አይታወቅም። «ሰዓቱ ልክ ቢሆን ኖሮስ?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ካሜራው ልክ፣ ቁጥሩ ልክ ቢሆን፤ እኔም የእውነት ከሩፋይዳ የዘገየሁ ብሆን። ስፌት ከገባሁ ገና ሁለት ወር ነው፤ ዕድሜዬም አርባን አልፏል። ከሩፋይዳ እዘገያለሁ እኮ፣ ፍረ! ሳይዋሹም ብዘገይ፣ ሙስሊማም ብትዘገይ፣ ያንን ላፕቶፕ ትከፍቺው ነበር? ወይስ ቁጥራችንን ልከሽ ቤት መጥተሽ ሻይሽን ትጠጪ ነበር?»

ፍሬወይኒ ልትመልስ ሞከረች። ቀኑን ሙሉ ስትናደድ የዋለችው በተሳሳተ ቁጥር ነው፤ በትክክለኛ ቁጥር እንዴት እንደሚቆጡ ማንም አላስተማራትም። ትከፍተው እንደነበር ምላ ልትናገር ትችላለች። ግን የምትምልላት ሴት ከልጅነቷ ጀምሮ ስትዋሽ የምታውቅባት ሴት ናት።

ለተመድህን ጠበቀች። ሽንኩርቱ ጠርዙ ላይ ማረር ሲጀምር እሳቱን ቀነሰች፣ ቲማቲሙን ጨመረች፣ አማሰለች፣ ጠበቀች። መልስ እንደማይመጣ ባወቀች ጊዜ ወጡን በሁለት ሳህን ከፈለችው። አንዱን ጠረጴዛው ላይ፣ እህቷ ፊት፣ ከነእንጀራው አስቀመጠችላት። ሌላውን ይዛ በግቢው በኩል ወደ ሙስሊማ ክፍል ሄደች፤ በሩ ተከፍቶ ተዘጋ። ግድግዳው ስስ ነው። የሙስሊማ ድምፅ «ፍሬወይኒስ? ፍረ አትመጣም እንዴ?» ሲል ጥርት ብሎ ተሰማ። ፍሬወይኒ የእንጀራ ቁራሽ እጇ ላይ ይዛ ጆሮዋን አቀናች። የእህቷ መልስ ግን ወደዚህ አልተሻገረም።